የእንጨት ዮዮ ታሪክ ያለው ዘንጉ ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ የመጡት መልሶች

ይህን ውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩት ረጅም አልነበረም። በእጅ ስለሚሠራ የእንጨት ዮዮ፣ በክር ላይ እየተሽከረከረ ወርዶ ስለሚመለሰው መጫወቻ፣ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያየው ቅርጹን፣ የእንጨቱን መልክና ቀለሙን ነው። እኔ ግን ታሪኩ ያለው መሃል ላይ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱን ግማሾች በሚያያይዘው፣ ክሩ በሚጠመጠምበት አጭር ዘንግ ላይ።

ምክንያቴን እንዲህ አስቀመጥኩ። ቋሚ ዘንግ ከግማሾቹ ጋር ተጣብቆ አብሯቸው ይዞራል። ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ለብቻው የሚዞር የብረት ቀለበት፣ የለውም። ስለዚህ አንድ ቁራጭ እንጨት ሁለት የሚቃረኑ ሥራዎች ይሠራል። ክሩ አልቆ ዮዮው ታች ሲደርስ፣ ዘንጉ በክሩ ቀለበት ውስጥ እየተንሸራተተ መሽከርከር አለበት። ጣት ክሩን ሳብ ሲያደርግ ደግሞ ያንኑ ክር ነክሶ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ብዙ ከተንሸራተተ ዮዮው አይመለስም። ብዙ ከነከሰ ታች አይቆምም። የእንጨት ዮዮ ሠሪዎች ያመጡት ለውጥ ከሞላ ጎደል እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ነው አልኩ። ከዚያም ጠየቅሁ፦ ከዚህ በኋላ የሚሻሻል ነገር ቀርቷል ወይስ መንገዱ አልቋል?

ብዙ ሰው መለሰ። ቅደም ተከተሉን ሳልለቅ፣ የተደጋገመውን እየዘለልኩ ልተርከው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልስ ቁጥር 1 በጣም ጨዋ ነበር። አመስግኖ ጀመረና ወደ ግሪክ ወሰደን። ከክርስቶስ ልደት በፊት 440 ገደማ በተሠራ የሸክላ ጽዋ ላይ አንድ ልጅ ዮዮ ሲጫወት የሚያሳይ ሥዕል እንዳለና ጽዋው በርሊን እንደሚገኝ ጻፈ። አቴንስ ባለው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥም ከሸክላ የተሠሩ አሉ አለ። ሸክላዎቹ ለመጫወቻ ሳይሆን ለአማልክት የሚሰጡ ስጦታዎች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለውን የብዙ ተመራማሪዎች ግምትም ጨመረ። የእንጨቶቹ ግን በስብሰው አልቀዋል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። እጅ ላይ የቀረው ጠንካራው ነው እንጂ ብዙ የተጫወቱበት አይደለም።

ቁጥር 2 ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ዘለለች። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ዮዮ ፋሽን ነበር። እንግሊዞች ባንዳሎር ይሉት ነበር። በኋላ ጆርጅ 4ኛ የሆነው የዌልስ ልዑል ባንዳሎር ይዞ የሚያሳይ የ1791 ሥዕል አለ። እሷ ግን ሥዕሉ ላይ አልቆመችም። የዚያ ዘመን ዮዮ ክሩ ከዘንጉ ጋር በቋጠሮ ይታሰር ነበር አለች። ቋጠሮ ካለ ዘንጉ መንሸራተት አይችልም። ዮዮው ወርዶ ወዲያው ይመለሳል፤ ሌላ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ያኔ ዘንጉ እኔ ያልኩት ጣጣ ገና አልነበረበትም። በዝሆን ጥርስ ቢሠሩትም ጌጡ በዛ እንጂ ጨዋታው ያው ነበር። ይህን በማንበቤ በጣም ደስ አለኝ። እኔ ካልኩት ይልቅ ነገሩን አጥርታ አሳየችው።

ቁጥር 3 መጣና አየሩን ቀየረው። ኩሽኔታ እያለ ስለ እንጨት ዘንግ መጨነቅ የጊዜ ብክነት ነው አለ። ባለ ኩሽኔታ የብረት ዮዮ ታች ለደቂቃዎች ይሽከረከራል፤ የእንጨቱ በሰኮንዶች ያበቃል። ምን ያከራክራል? አለና ሄደ።

ቁጥር 4 ትዕግሥት አልነበራትም። ጥያቄው የትኛው ረጅም ይዞራል አይደለም፤ ርዕሱን ያላነበበ ሰው ለምን ይመልሳል ብላ ጠንከር አድርጋ ጻፈች። ከዚያ ግን ጠቃሚ ነገር አከለች። ኩሽኔታ የኔን ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች አላስታረቀም፤ ለያያቸው እንጂ። ማዞሩን ኩሽኔታው ወሰደ፤ መንከሱን ደግሞ በግማሾቹ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጎማ ወይም ሌላ ሸካራ ነገር ወሰደ። ስለዚህ ባለ ኩሽኔታው የእንጨቱ ዮዮ ተሻሽሎ የወጣ አይደለም፤ ሌላ መሣሪያ ነው አለች። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ።

ቁጥር 5 ሁለቱንም እንዲረጋጉ ጠይቆ ወደ ታሪኩ መለሰን። በ1866 ጄምስ ሄቨንና ቻርልስ ሄትሪክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የተሻሻለ ባንዳሎር ብለው የፈጠራ መብት አስመዝግበዋል። ቁምነገሩ ክብደቱ ወደ ጠርዙ እንዲሄድ ማሰባቸው ነው። ክብደት ከመሃል ሲርቅ ሽክርክሪቱ ቶሎ አይሞትም። ዛሬ የእንጨት ዮዮ ሠሪዎች የግማሾቹን ፊት በቶርኖ፣ እንጨቱን እያዞረ በሚያስቀርጸው ማሽን፣ ጎድጎድ አድርገው ጠርዙን ወፍራም የሚተዉት ለዚሁ ነው አለ።

ከዚያ ቁጥር 6 መጣ፤ ረጅምና ግለት የሞላበት መልስ። ፔድሮ ፍሎሬስ የሚባለው የፊሊፒንስ ተወላጅ በ1928 ሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዮዮ ማምረቻ ከፈተ። በ1929 መጨረሻ ሦስት ፋብሪካ ነበረው፤ በቀን 300,000 ዮዮ ይሠራ ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣው ከፊሊፒንስ የመጣ አንድ ቀላል ዘዴ ነው። ክሩ አይታሰርም። እጥፍ ሆኖ ይገመድና በዘንጉ ዙሪያ ቀለበት ሆኖ ይተኛል። ይኸው ነው። ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ መንሸራተት ጀመረ። ታች ቆሞ መሽከርከር ተቻለ። ታች ሲቆም ደግሞ መሬት ላይ ማስኬድ፣ ማወዛወዝ፣ በክሩ ቅርጽ መሥራት መጣ። በእኔ እምነት በዮዮ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም። ለውጡም የመጣው እንጨቱን ምንም ሳይነካ ነው።

የቁጥር 6 ጸሐፊ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ዮዮ በፊሊፒንስ ጥንት የአደን መሣሪያ ነበር፣ ከዛፍ ላይ እንስሳ ይመታበት ነበር አለ። ቁጥር 7 በጨዋነት ፍሎሬስ ራሱ ዮዮን ፈጠርኩ ብሎ እንደማያውቅ አስታውሶ፣ የመሣሪያውን ታሪክ ግን ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥር 8 ሲመልስ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው አለ። ቁጥር 9 ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ማለት ማስረጃ እንዳልሆነ በአጭሩ ነገረው። በገመድ የታሰረ ድንጋይ ወርውሮ መሳብ አንድ ነገር ነው፤ ዮዮ ሌላ ነገር ነው። የመታ ነገር ሽክርክሪቱን ያጣል፤ ተጠምጥሞም አይመለስም። ይህን ለማወቅ ዮዮን አንዴ ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ይበቃል።

ቁጥር 10 የተጻፈው ብዙ ዘመን በቶርኖ ሲሠሩ በኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ለእኔ የውይይቱ ልብ እዚህ ነው። ስለ እንጨት ቃጫ ነው የጻፉት። ዮዮን ከአንድ ቁራጭ እንጨት ፈልፍለህ ብታወጣው ሁለት ምርጫ አለህ አሉ። ቃጫው ከዘንጉ ጋር ትይዩ ከሆነ ዘንጉ ጠንካራ ይሆናል። ነገር ግን የግማሾቹ ፊት የተቆረጠ ግንድ ፊት ይሆናል፤ ከጠርዝ ወደ መሃል የመሰንጠቅ አደጋ አለው። ቃጫው ወደ ጎን ከሄደ ደግሞ ግማሾቹ ደህና ይሆናሉ፤ ዘንጉ ግን በጣም አጭር ቃጫ ስለሚኖረው አንድ ጥሩ ምት ይበቃዋል፤ ቀጭ ይላል። ለዚህ ነው ዮዮ ሦስት ቁራጭ የሆነው። ሁለት ግማሽ፣ ቃጫቸው በፊታቸው ላይ የተኛ። አንድ ዘንግ፣ ቃጫው በቁመቱ የሚሄድ። ሦስቱ በኮላ ይያያዛሉ። ለአንዱ ክፍል የሚጠቅመው አቅጣጫ ሌላውን ስለሚገድል መለየት ግድ ሆነ።

እኔ ይህን እያነበብኩ መልካም ንድፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው አልኩ። ዘንጉን የሚያስመርጠው ዓይን አይደለም፤ የእንጨቱ ባሕርይ ነው።

ቁጥር 11 ግን አልተቀበለም። እኔ ከአንድ ቁራጭ እሠራለሁ፣ ተሰብሮብኝ አያውቅም፤ የኮላው ዘዴ ለፋብሪካ ፍጥነት የመጣ እንጂ ለጥራት አይደለም ብሎ ጻፈ። ቃሉ ትንሽ ንቀት ነበረበት። አዛውንቱ በቁጥር 12 ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም። የዘንግህ ውፍረት ስንት ነው ብለው ጠየቁ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቁጥር 11 ከብዙ ቆይታ በኋላ 12 ሚሊሜትር ብሎ መለሰ። ይህ በቁጥር 13 ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ራሱን አስረዳ። የተለመደው የእንጨት ዘንግ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እጥፍ ከወፈረ በእርግጥ አይሰበርም።

ቁጥር 14 ላይ አንድ የፊዚክስ ሰው የውፍረቱን ዋጋ አሰላው። ዮዮው ታች ሲሽከረከር የሚያቆመው ክሩ በዘንጉ ላይ የሚፈጥረው ፍትጊያ ነው። ያ ፍትጊያ ሽክርክሪቱን የሚጎትትበት ጉልበት የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፦ በዮዮው ክብደት፣ በክሩና በእንጨቱ ሸካራነት፣ በዘንጉ ራዲየስ። ዘንጉን በግማሽ ብታቀጥነው ጎታቹ ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። በተጨማሪ ቀጭን ዘንግ ለአንድ ክንድ ክር ብዙ ዙር ስለሚጠመጠም፣ ሲወርድ የበለጠ የመሽከርከር ፍጥነት ይይዛል። እንግዲህ ለምን 2 ሚሊሜትር አናደርገውም? አንደኛ ይሰበራል። ሁለተኛ ሲመለስ በአንድ ዙር የሚሰበስበው ክር ትንሽ ነው፤ የሚነክሰውም ደካማ ነው። ወደ ላይ እየተንገታገተ ይወጣል። ስለዚህ 6 ሚሊሜትር በዘፈቀደ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ የድርድር ውጤት ነው አለ። እግረ መንገዱን ለቁጥር 11 የ12 ሚሊሜትር ዘንግ ጥፋት አይደለም፤ ቶሎ ለሚመለስና ወደ ፊት እየተወረወረ ለሚዞር ጨዋታ ይመቻል ብሎ አስታረቀ። ቁጥር 11 አመሰገነ። ውይይቱ የዳነው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር 15 አጭር ግን ለሠሪ ሁሉ የሚጠቅም ነበር። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ይንቀሳቀሳል። ሲደርቅ በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚሸማቀቀው ቀለበቶቹን አቋርጦ ከሚሸማቀቀው እጥፍ ያህል ነው። በትክክል ክብ ሆኖ ከቶርኖ የወጣ ዮዮ ከወራት በኋላ በመጠኑ ሞላላ ይሆናል። ሁለቱን ግማሾች ከአንድ ሳንቃ፣ ጎን ለጎን ካሉ ቦታዎች ማውጣትና ሲገጣጠሙ ቃጫቸው በአንድ አቅጣጫ እንዲተኛ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሞላላ ሲሆኑ አብረው ይሆናሉ፤ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። በቶርኖ መጀመሪያ ወፍራም አድርጎ አውጥቶ፣ እንጨቱ እስኪረጋ አስቀምጦ፣ ከዚያ ወደ ልኩ ማምጣት ይሻላል አለች።

ከቁጥር 16 እስከ 18 ስለ ዱንካን ፋብሪካ ነበር፤ እዚህ ላይ ነገሩ እንደገና ጋለ። ዶናልድ ዱንካን የፍሎሬስን ሥራ ከገዛ በኋላ በ1946 ሉክ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ፋብሪካ አቋቋመ። ጠንካራው ሜፕል እንጨት በአካባቢው ስለነበረ ነው። በሰዓት 3,600 ዮዮ ይወጣ ነበር። በ1962 ኩባንያው 45 ሚሊዮን ዮዮ ሸጠ። በ1965 ግን ፍርድ ቤት ዮዮ የሚለው ስም የማንም የንግድ ምልክት አይደለም ብሎ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ኩባንያው ከሰረ። ቁጥር 17 ይህ ከርዕሱ ጋር ምን አገናኘው፣ በእጅ የተሠራ ነው የምናወራው ብሎ ተቆጣ። ቁጥር 18 ደግሞ ያን ያህል ሜፕል ባይፈጭ ኖሮ ዛሬ በእጅ የሚሠራው ሰው የሚከተለው ልክ ከየት ይመጣ ነበር ብሎ መለሰ። 57 ሚሊሜትር ዲያሜትር፣ በግማሾቹ መሃል 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት፣ 6 ሚሊሜትር ዘንግ፤ እነዚህ በሚሊዮን እጆች የተፈተኑ ቁጥሮች ናቸው አለ።

እኔ በዚህ ከቁጥር 18 ጋር ነኝ፤ ግን የቁጥር 17 ቁጣም ይገባኛል። ፋብሪካው ልኩን አጸና። ልኩ ሲጸና ደግሞ ሙከራው ቆመ። ለረጅም ጊዜ የእንጨት ዮዮ ማለት አንድ ክብ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ቅርጹን የሚገለብጠው ቢራቢሮ የሚባለው ዓይነት መጣ። ክፍተቱ ወደ ውጭ ሰፋ፤ ዮዮውን በክር ላይ ማሳረፍ ቀለለ። ይህም ሲሆን ዘንጉ አሁንም በኮላ የተጣበቀው ያው ዘንግ ነበር።

ቁጥር 19 ወደ ዘንጉ መለሰን። ክር ሁልጊዜ የሚፈትገው የዘንጉን መሃል ነው። ከጊዜ በኋላ እዚያ ላይ ቀለበት መሰል ጉድጓድ ይወጣል። ዘንጉ በኮላ ከተያዘ ያ ዮዮ አበቃለት፤ ግማሾቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ። በ1978 የሳን ፍራንሲስኮው የጥርስ ሐኪም ቶም ኩን ኖ ጃይቭ የሚባለውን የእንጨት ዮዮ አወጣ። ሁለቱ ግማሾች ይፈታሉ። መሃል ላይ የብረት ቡሎን አለ፤ በቡሎኑ ላይ ቀጭን የእንጨት ቱቦ ይሰካል። ክሩ የሚነካው ቱቦውን ብቻ ነው። ሲያልቅ ትጥለዋለህ፣ ሌላ ታስገባለህ። ግማሾቹን ገልብጦ በማሰርም ቅርጹን መቀየር ይቻላል።

ቁጥር 19 ይህ የተገኘው ተለዋጭ ዕቃ እንዲኖር ብቻ ነው ሲል ጽፏል። ቁጥር 20 ይህን አረመ፤ እርማቱም ልክ ነው። ትልቁ ነገር ጥንካሬው ከእንጨቱ ወደ ብረቱ መሄዱ ነው። ከዚያ በፊት እንጨቱ ክሩን መያዝም ነበረበት፣ ግማሾቹንም ማያያዝ ነበረበት። አሁን ማያያዙን ቡሎንና ዳዶ ወሰዱለት። ለእንጨቱ የቀረለት ከክሩ ጋር መነጋገር ብቻ ነው። ስለዚህ ለስላሳ እንጨትም፣ ጠንካራ እንጨትም፣ ውፍረቱ የተለያየም መሞከር ተቻለ። ቁጥር 4 ስለ ኩሽኔታ ያለችውን አስታውሱ አለ። ኩሽኔታ ሁለቱን ሥራዎች ለያየ። የእንጨት ቱቦው ግን አልለያየም። ማንሸራተቱም መንከሱም እዚያው እንጨት ላይ ቀሩ፤ ሌላው ሸክም ብቻ ተነሳለት። እኔ በመክፈቻዬ ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። ቁጥር 21 እኚሁ ሐኪም በ1979 ያሠሩትን 256 ፓውንድ የሚመዝን ግዙፍ የእንጨት ዮዮ አነሳ። በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ከክሬን ላይ ተለቅቋል፤ ዛሬ ቺኮ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዮዮ ሙዚየም አለ። ቁጥር 22 በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ናሽቪል መድረክ ላይ ከዘፋኙ ከሮይ አከፍ ጋር ዮዮ ይዞ መታየቱን ጨመረች። ቁጥር 23 በዋተርጌት፣ በኒክሰን ዘመን በተነሳው የፖለቲካ ቅሌት፣ ላይ አስተያየት ጀመረ። የውይይታችን አስተባባሪ ቁጥር 24 ላይ ሰውን ወደ እንጨቱ እንዲመለስ አሳሰበ።

ከመንገድ የወጡት ሁሉ ግን ከንቱ አልነበሩም። ቁጥር 25 በ1985 ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር ይዛው ስለወጣችው ዮዮ ጻፈች። ዮዮው የፕላስቲክ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለእንጨቱም ይሠራል። ክብደት በሌለበት ዮዮ ወርዶ ይመለሳል፤ ታች ቆሞ መሽከርከር ግን አይችልም። ክሩን ወጥሮ የሚይዝ ክብደት የለም። ክሩ ሲረግብ ዘንጉ ወዲያው ይነክሰዋል። ማለት ጣት ሳብ ሲያደርግ የሚሆነው ነገር ይኸው ነው፦ ለአፍታ ክሩን ማርገብ። ይህን በዚህ መንገድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለጀማሪ ማስረዳት ካለብኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

ቁጥር 26 ስለ ክር ነበር፤ አዛውንቱ ናቸው እንደገና። ሰው ስለ ዘንግ ሲያወራ ክሩን ይረሳል አሉ። ለእንጨት ዘንግ ጥጥ ነው። ፖሊስተር ለባለ ኩሽኔታ ዮዮ ምርጥ ነው፤ በእንጨት ዘንግ ላይ ግን ፍትጊያው ያግለውና ቀልጦ ይበጠሳል። ዮዮውም በሮ የሰው ፊት ላይ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የክሩ ግምድ። ግምዱ ሲላላ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ዮዮው ታች ብዙ ይቆያል፣ ግን እንቢ ብሎ ላይመለስ ይችላል። ግምዱ ሲጠብቅ ቀለበቱ ዘንጉን ያንቀዋል፣ ዮዮው ታች ሳይቆም ይመለሳል። ስለዚህ በቋሚ ዘንግ የሚጫወት ሰው በየጊዜው ግምዱን በጣቱ ያስተካክላል። ሦስተኛ፣ ቀለምና ቫርኒሽ ክፍተቱ ውስጥና ዘንጉ ላይ አይግባ። ሲግል ይጣበቃል። አዲስ ዘንግ መጀመሪያ ላይ ይነክሳል፤ በጨዋታ እየተላገ ይለሰልሳል። የሚቸኩል ሰው ጥቂት የሻማ ሰም ይቀባበታል፤ ግን በጥቂቱ።

ቁጥር 27 ሰም መቀባት ማጭበርበር ነው ሲል ቁጥር 28 ደግሞ የራስህን ዮዮ ማን ያጭበረብረዋል ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ቁጥር 29 ስለ ዛሬ ጻፈ፤ ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰው እሱ ነው። ቅርጹን የሚለውጠው ጨዋታው ነው አለ። ወደ ፊት እየወረወሩ ማዞር ሲወደድ ዮዮው ጠበብ ያለና ክብ ሆነ። በክር ላይ ማሳረፍ ሲመጣ ቢራቢሮ ሆነ። አሁን በቋሚ ዘንግ የሚጫወቱ ሰዎች የሚወዱት ሌላ ነው። ዮዮውን ታች ሳያቆዩ፣ አጋማሽ ላይ ክር እንዲይዘው አድርገው ለአፍታ ያስቆሙታል፤ ገልብጠው እንደገና ይለቁታል። ለዚህ ረጅም ሽክርክሪት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መቼ እንደሚነክስ የሚታወቅ ዮዮ ነው። ስለዚህ አዲሶቹ የእንጨት ዮዮዎች ሰፋ ያሉ፣ ጠርዛቸው ከባድ፣ ክፍተታቸው ወደ ዘንጉ ሲቀርብ ቀጥ ያለ ነው። መንከስ፣ ድሮ ጉድለት የነበረው፣ አሁን ሠሪው ሆን ብሎ የሚያስተካክለው ሙያ ሆኗል።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ቁጥር 3 ስለ ደቂቃና ሰኮንድ ያነሳውን የሚመልሰውም ይህ ይመስለኛል። የሽክርክሪት ርዝመት ሩጫውን ብረቱ ከወሰደ በኋላ እንጨቱ ነጻ ወጣ። ሠሪው ረጅም የሚዞር ዮዮ የማውጣት ግዴታ የለበትም። የሚነክስበትን ቅጽበት የሚያውቅ ዮዮ ለማውጣት ግን ጊዜ አለው።

ቁጥር 3 ራሱ በቁጥር 30 ተመለሰ። ድምፁ ረገብ ብሎ ነበር። ይቅርታም ክርክርም አላነሳም። ቶርኖ አለኝ፣ ምን ልጀምር ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 4 ናት የመለሰችለት፣ በቁጥር 31። ሜፕል ወይም ሌላ ጠጣር፣ ቃጫው ደቃቅና ወጥ የሆነ እንጨት ያዝ አለችው። በዞጲ አትጀምር፤ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ከባድ እንጨት ነው፣ ጣት ይጎዳል። ሁለቱን ግማሾች ከአንድ ሳንቃ አውጣ። ቀዳዳውን ግማሹ ገና ቶርኖ ላይ እያለ ብሳው፤ ከወረደ በኋላ መሃሉን አታገኘውም። ክፍተቱን ለመለካት ሁለቱም ግማሾች እኩል እስኪቀመጡ ድረስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነገር መሃል አስገባ፤ ኮላው ሲደርቅ አውጣው። የውስጡን ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት በጣም አታለስልሰው። ያ ትንሽ ሸካራነት ነው ክሩን የሚያስነክሰው።

ቁጥር 32 በእንጨት ቱቦ ሙከራ ያደረገ ሰው ነው። በአንድ ዮዮ ላይ የተለያዩ እንጨቶችን እየቀያየረ አይቷል። ጠጣሮቹ እንጨቶች በጨዋታ እየተወለወሉ እንደ መስታወት ይሆናሉ፤ ያንሸራትታሉ፣ ንክሻቸው ይዘገያል። ለስለስ ያሉት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነክሳሉ፤ ግን ቶሎ ይበላሉ። የዋልነት ቱቦ መሃል ላይ ሆኖ አገኘሁት አለ። ሌሎችም የራሳቸውን ጨመሩ፤ አንዱ ያለውን ሌላው አፈረሰው። ያልተስማሙት ዘንጋቸው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ስላልጻፉ ነው። የቁጥር 11ና የአዛውንቱ ክርክር እንደገና ተደገመ።

ስለዚህ በመጨረሻው መልሴ ለጥያቄዬ የራሴን ሐሳብ ሰጠሁ። መንገዱ አላለቀም። ቅርጹ ብዙ ተሞክሯል፣ ስለ ክብደቱም ብዙ ይታወቃል። ያልተሠራበት ዘንጉ ነው፦ የትኛው እንጨት፣ በምን ውፍረት፣ በየትኛው ክር፣ ምን ያህል ከተጫወቱበት በኋላ። ሁሉም ሠሪ በእጁ ያውቀዋል፤ ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን የለም። ከእንግዲህ ዮዮ ሠርቶ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው የግማሾቹን እንጨት ብቻ ሳይሆን የዘንጉንም እንጨት፣ ውፍረቱን በሚሊሜትር፣ የክፍተቱን ስፋትና የክሩን ዓይነት አብሮ ይጻፍ ብዬ ጠየቅሁ። አዛውንቱ በቁጥር 34 የራሳቸውን ሦስት ዮዮ ልኮች ዘርዝረው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሞሉ። ቁጥር 11 ከሥራቸው የ12 ሚሊሜትሩን አስገባ።